ስድስት ታካሚ ሁልጊዜ ስድስት አይደለም

ከሁለቱ ተነጋጋሪ ነርሶች ታላቋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ሄድ ነርስ ናቸው። ታናሿ የመጀመሪያ ሥራዋን በእሳቸው ሥር ጀምራ ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ በነርስነት ትሠራለች። ለዕረፍት በመጣችበት ሰሞን ታላቋ የመጪውን ወር የዲዩቲ ፕሮግራም፣ ማለትም ማን በየትኛው ቀንና ሌሊት እንደሚገባ የሚወስነውን ወረቀት፣ እያወጡ ነበር።

ታናሿ፦ ሲስተር፣ እዚህ ስሠራ ፕሮግራም በተለጠፈ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው የራሴ ሌሊቶች ላይ ነበር፤ ከዚያ የጓደኞቼን እቆጥራለሁ። የእኔ መብዛቱ ብቻውን አያናድደኝም። የሚያናድደኝ የአንዷ ሁልጊዜ ማነሱ ነበር።

ታላቋ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያየው። እኔም እንደሚቆጠር አውቄ ነው የምጽፈው። ግን ከመቁጠርሽ በፊት እኔ ያለኝን እይ። በመዝገብ ላይ ያሉት ነርሶችና ዋርዱ ውስጥ የሚቆሙት አንድ አይደሉም። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ሁለቱ ሥልጠና ተልከዋል፤ አንዱ ትምህርት ላይ ነው፤ አንዷ ወገቧን ታማ ከባድ ሥራ እንዳይሰጣት የሐኪም ወረቀት ይዛ መጥታለች። በተረፉት ሰዎች ሠላሳ ቀንና ሠላሳ ሌሊት መሙላት አለብኝ። ሌሊት ሁለት ነርስ ለአርባ አልጋ አቁሜ ስለ ፍትሕ ስትጠይቂኝ መልሴ «ሰው የለም» ነው።

ታናሿ፦ ሰው እንደሌለ አልክድም። የምከራከርዎት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ሥራው እንዲከብድ የሚያደርገው የሰው ማነስ ነው፤ ማን ላይ እንደሚከብድ የሚወስነው ግን ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ነው። «ሰው የለም» የሚለው ቃል ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሸፍን ብዙ አይቻለሁ። ሰው የሌለው ለሁላችን ከሆነ፣ ለምንድነው የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ሁልጊዜ ለዚያው ሰው የሚደርሰው?

ታላቋ፦ ይህን እንኳ አልከራከርሽም። የበዓል ሌሊት እንደ ቅጣት ሲሰጥ አይቻለሁ። ስብሰባ ላይ እጇን አንስታ የተናገረች ነርስ፣ በሚቀጥለው ወር የእንቁጣጣሽንም የመስቀልንም ሌሊት ስሟ ላይ ታገኘዋለች። ማንም ቀጣኋት አይልም። «ፕሮግራሙ እንደዚያ ሆነ» ነው የሚባለው። ወቀሳ እንኳ በደብዳቤ ከመጣ መልስ ይሰጥበታል። ፕሮግራም ግን መልስ የሌለው ቅጣት ነው። ይህ መደረጉ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ዝም ማለትን ያስተማርነው በዚህ ነው። ዝም ማለትን የለመደች ነርስ ደግሞ የታዘዘው መድኃኒት መጠን ሲያጠራጥራትም ዝም ትላለች።

ታናሿ፦ ታዲያ መፍትሔው ደግ ሄድ ነርስ ማግኘት ነው?

ታላቋ፦ ደግነት አይበቃም። ደግ የምትባለው ሄድ ነርስ ለለመናት ሁሉ እሺ የምትል ናት። አንዷ ትመጣለች፣ ልጄ ጡት ይጠባል ትላለች፤ እውነቷን ነው። አንዱ ይመጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። አንዷ እናቷን ታስታምማለች። ሁሉንም እሺ ስትያቸው የሌሊቱ ጉድጓድ አይጠፋም፣ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ወደ ማን? ወደማትለምነው። ልጅ የላትም፣ ባል የላትም፣ እናቷ ክፍለ ሀገር ናት፤ «አንቺ ምን አለብሽ» ተብላ ዓመቱን ሙሉ የሰውን በዓል ትሸፍናለች። እኔ አሁን የምጠብቀው እሷን ነው። የብቸኛ ሰው ሌሊትም ሌሊት ነው። ለምን ማረፍ እንደፈለገች ልትነግረኝ ግዴታ የለባትም።

ታናሿ፦ ይህን ከእርስዎ መስማቴ ደስ አለኝ። ካሊፎርኒያ መጀመሪያ የገባሁበት ሆስፒታል እኔ ያችኛዋ ነበርኩ። አነጋገሬ የእነሱን አይመስልም፤ የማጉረምረምም ልማድ የለኝም። ሌላ ክፍል ነርስ ሲጎድል ከየክፍሉ አንድ ሰው ይላካል፤ ፍሎት ነው የሚሉት። ፍሎት ማድረግ ማለት ዕቃው የት እንደተቀመጠ በማታውቂው ዋርድ፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር፣ የማታውቂያቸውን ታካሚዎች መረከብ ነው። የእነዚያ ክፍል ሰዎች ደግሞ ከባድ ከባዱን ለእንግዳዋ ይተዉላታል። በየሳምንቱ ማለት ይቻላል የምላከው እኔ ነበርኩ። በኋላ አንዲት አንጋፋ ፊሊፒናዊት ነርስ አንድ ደብተር ገዝታ ነርሶች ጣቢያው ላይ አስቀመጠች። ፍሎት የወጣ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ቀጣዩ የሚላከው ከወጣ ረጅም ጊዜ የሆነው ነው። ሌላ ምንም አልተደረገም። አለቃዋ አልተቀየረችም፣ የሰው ቁጥር አልጨመረም። ሁሉም የሚያየው ደብተር ስለሆነ ግን ተራው የማን እንደሆነ መጨቃጨቅ ቀረ።

ታላቋ፦ እኔም የበዓል ሌሊቶችን በዓመት ነው የምቆጥረው። በወር ብቻ ከቆጠርሽ ሚያዝያ ላይ የፋሲካን የገባችው ጥር ላይ የጥምቀትንም መግባቷ አይታይሽም። አንድ ወረቀት አለኝ፤ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ በእያንዳንዱ ሥር ማን እንደገባ የተጻፈበት። ክርስቲያኑ የኢድን ሌሊት ይይዛል፣ ሙስሊሙ የፋሲካን። ይህን ያመጡት ራሳቸው ነርሶቹ ናቸው፤ እኔ የጨመርኩት መጻፉን ብቻ ነው። ችግሩ ኢድ ጨረቃ ታይቶ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ቀኑ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ስለዚህ በዓሉ ሊውልባቸው የሚችሉትን ሁለቱንም ቀን ለሙስሊሞቹ ባዶ እተዋለሁ። ረመዳን ላይ ደግሞ ማታ ገቢው ፆመኛ ከሆነ ርክክቡን ዘግየት አድርጌ አስጀምራለሁ፤ ሰው አፍጥሮ ይግባ።

ታናሿ፦ እኛም እንደዚያው በቀን መቁጠሪያ ልዩነት እንነግዳለን። ሐበሾቹ በአሜሪካኖቹ ገና፣ ዲሴምበር 25፣ እንገባለን፤ ጃንዋሪ 7 ላይ ገናችንን እናርፋለን። ፋሲካም አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የእነሱ ማርች 31 ሲውል የእኛ ሜይ 5 ነበር። በ2025 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 20 ላይ ገጠሙ፤ በእኛ ሚያዝያ 12። ንግዱ በዚያ ዓመት ፈረሰ። ሁሉም ማረፍ ፈለገ፣ ማንም የሚለዋወጠው ነገር አጣ። መረዳዳቱ ያለ ደንብ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ባለፈው ዓመት ማን እንደገባ የተጻፈ ነገር ያለበት ክፍል ተስማማ፤ የሌለበት ተጣላ።

ታላቋ፦ አንድ ነገር ግን ረስተሻል። እዚያ ሄደሽ ሌሊት ሸክም ብቻ ሆኖብሻል። እዚህ ዲዩቲ ገንዘብም ነው። በደመወዙ ብቻ ቤት ኪራይ አይከፈልም፤ የዲዩቲ ክፍያ ነው ወሩን የሚያደርሰው። ስለዚህ አንዳንዱ ሌሊት አበዛሽብኝ ብሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ሌሊት አሳነስሽብኝ ብሎ ይመጣል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ይቆማሉ። ክፍያው ወራት ሲዘገይ ደግሞ ሁሉም ይሸሻል፣ ያን ጊዜ ማን ይግባ? እንግዲህ የማካፍለው ሁለት ነገር ነው፤ ድካሙንም ብሩንም። ሌሊቱን ሁሉ ለፈለገው ብሰጠው ቀላል ነበር።

ታናሿ፦ ቢሰጡትስ? ፈልጎ ከሆነ?

ታላቋ፦ አልሰጥም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገብቶ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል የሚወጣ ሰው 15 ሰዓት ቆሟል። ይህ ሰው በማግስቱ የጓደኛውን ገዝቶ፣ በሦስተኛው ቀን የሌላዋን ገዝቶ ሲመጣ፣ ፈቃደኛ ነው ብዬ ኢንሱሊን እንዲቀዳ ልፍቀድለት? እሱ ፈቃዱን ሰጥቷል፤ መርፌውን የምትወጋው ሴትዮ ግን አልተጠየቀችም። መለዋወጥ እፈቅዳለሁ፤ ሁለቱም ፈርመው እኔም አይቼው። ተከታታይ ሌሊት ግን አልፈርምም። በዚህ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል።

ታናሿ፦ ሳይንሱ ከእርስዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ 393 ነርሶች የሥራ ሰዓታቸውንና የሠሩትን ስሕተት በየቀኑ እየመዘገቡ የተጠኑበት ጥናት ወጥቶ ነበር። 12 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ በተሠራበት ፈረቃ ስሕተት የመሥራት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። አውሮፓ ኅብረት በሕጉ ማንኛውም ሠራተኛ በየ24 ሰዓቱ 11 ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲያርፍ ያዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2007 የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች መካከል መድቦ በ2019 ደግሞ አጽንቶታል። ግን የእኛም ሰው እዚያ ቅዱስ አይደለም ሲስተር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል፣ ማክሰኞና ሐሙስ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ስንት አሉ። አንዱ ቤት ሌላውን አያውቅም። በእያንዳንዱ ቤት ሰዓቷ ሕጋዊ ነው፤ አካሏ ግን ሁለቱንም ቤት ይደምራል። ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከዚያ ነው የሚወጣው፤ እኔም ይህን አውቄ ሰው ላይ ለመፍረድ ይከብደኛል።

ታላቋ፦ መፍረዱን ተይው። ለዚህ ነው ገደቡን የሰውየው ፍላጎት ላይ መተው የማይቻለው። የተቸገረ ሰው ራሱን አይጠብቅም። ነፍሰ ጡሯን እይ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። በግል ሆስፒታል ያለችው በዚህ ልትከራከር ትችላለች። እኔ እዚህ ሆዷ ከገፋ በኋላ ሌሊት አልመድባትም፤ «ገንዘቡ ይቀርብኛል» ብላ የለመነችኝ አለች። እንዲያ ያለችውን ቀን ላይ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ሰጥቻት ብሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይቀርባት አደረግኩ። ሙሉ አልሆነም። የቻልኩት ያን ያህል ነው።

ታናሿ፦ እሺ፣ ሰዓቱ እዚህ ላይ ይቆየን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ግማሽ ነው፤ ከገባን በኋላ ታካሚ የሚከፋፈልበት መንገድ። እዚህ ስሠራ አልጋ ነበር የምንካፈለው። ቀን ላይ ከ1 እስከ 10 የጓደኛዬ፣ ከ11 እስከ 20 የእኔ። ሁለታችንም አሥር አሥር ስለያዝን እኩል ነን ይባላል። የእኔ አሥሩ ውስጥ ሦስቱ ኦክስጅን ላይ፣ አንዱ ስትሮክ መትቶት በቱቦ የሚበላ፣ አንዷ በየሰዓቱ ስኳሯ የሚለካ ናት። የእሷዎቹ ግማሾቹ ነገ ለመውጣት ካርዳቸው እስኪያልቅ የሚጠብቁ።

ታላቋ፦ አልጋ መካፈልን እኔም ትቼዋለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ርቀትም ክብደት ነው። የአንዷ ታካሚዎች ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ከተበተኑ ሌሊቱን በመሮጥ ትጨርሰዋለች፤ የአንዱን ማቃሰት ስትሰማ የሌላው ካኑላ ይደፈናል። መጀመሪያ በአልጋ እከፍልና ከዚያ ከባዶቹን አንዳንዱን አሻግራለሁ። ሳሻግር ደግሞ የምጠነቀቅበት አለ፤ ቁስሉ የመረቀዘ ወይም የሳንባ ነቀርሳ የተጠረጠረ ታካሚ የያዘች ነርስ ኬሞቴራፒ የሚወስደውን እንዳትይዝ። ቁጥሩ እኩል ይሁን ብሎ ሁለቱን ለአንድ ሰው መስጠት በእጇ በሽታ ማሸጋገር ነው።

ታናሿ፦ ክብደቱን በምን ይለኩታል? እኛ ጋ ኮምፒዩተሩ ነጥብ ይሰጣል፤ ስንት መድኃኒት፣ ስንት ቱቦ፣ ይንቀሳቀሳል አይንቀሳቀስም፣ ግራ ተጋብቷል ወይ።

ታላቋ፦ የእናንተ ኮምፒዩተር አንድ ነገር አይጠይቅም፤ አስታማሚ አለው ወይ? በእኛ ዋርድ ታካሚውን የሚያበላው፣ የሚያገላብጠው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ መድኃኒት ሲታዘዝ ወጥቶ ከፋርማሲ የሚፈልገው፣ ሌሊት ትንፋሹ ሲለወጥ ተሯሩጦ የሚጠራሽ አስታማሚው ነው። ከጎዳና ተነሥቶ በአምቡላንስ የመጣ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ሰው አንድ ታካሚ ተብሎ ይቆጠራል። እኔ እንደ ሦስት እቆጥረዋለሁ። ካልቆጠርኩት ማን ያገላብጠዋል? ጀርባው በሳምንት ውስጥ ይላጣል። በነጥብ ቢታይ ደግሞ «የተረጋጋ» ነው የሚባለው።

ታናሿ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እዚያ ሆኜ ስለ አገሬ ሥራ ሳስብ አስታማሚውን ረስቼዋለሁ ማለት ነው።

ታላቋ፦ እዚያ ቤተሰብ ጠያቂ ነው፤ ለዚህ ነው። እና ክብደቱን የምትነግረኝ ስትወጣ የምታስረክበው ነርስ ናት። እኔ ጠዋት በራውንድ አንድ ጊዜ ነው የማልፈው። እሷ ሌሊቱን ከታካሚው ጋር አድራለች። በርክክብ ላይ «ይህ ከባድ ነው፣ ለአንዷ ብቻዋን አትስጡት» ካለች እሰማታለሁ። ወረቀት ላይ ነጥብ መሙላት ብቻ ከሆነ ግን እፈራለሁ፤ ለቁጥጥር ሲባል የሚሞላ ፎርም ብዙ አለን።

ታናሿ፦ ፎርሙን አይናቁት፤ ቁጥር ነው የአለቃን ጆሮ የሚከፍተው። የካሊፎርኒያን ነገር ልንገርዎት። ነርሶቹ ለዓመታት ታግለው፣ ለአንዲት ነርስ የሚሰጠውን የታካሚ ቁጥር የሚገድበውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 ገቨርነር ግሬይ ዴቪስ ፈረመው፤ በጃንዋሪ 2004 ሥራ ላይ ዋለ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአንዲት ነርስ ከሁለት ታካሚ አይበልጥም። ድንገተኛ አራት። የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዋርድ መጀመሪያ ስድስት ነበር፤ በ2005 አምስት እንዲሆን ተወስኖ ሳለ ተከትሎ የመጣው ገቨርነር አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ሊያስቆመው ሞከረ። ነርሶቹ በሄደበት ሁሉ እየተከተሉ ተቃወሙት፤ ፍርድ ቤትም ለነርሶቹ ወሰነ። የሕጉ ጥንካሬ ያለው «በማንኛውም ሰዓት» በሚለው ላይ ነው። ጓደኛዬ ምሳ ስትወጣ የእሷን አምስት ለእኔ ደርባ መሄድ አትችልም፤ የሚተካት ነርስ መኖር አለበት። ሄድ ነርሷም ታካሚ ካልያዘች በቁጥሩ ውስጥ አትገባም። በወረቀት ላይ ሰው አብዝቶ ማሳየት አይቻልም ማለት ነው። ደግሞ አምስት ጣሪያው ነው፤ ሕመሙ ከከበደ ቁጥሩ መውረድ አለበት።

ታላቋ፦ ለእናንተ አምስት፣ ለእኔ ሃያ። ሕጉን አምጥተሽ እዚህ ዋርድ በር ላይ ብትለጥፊው ምን ይለውጣል?

ታናሿ፦ ነገ ምንም። ግን ለምን እንደታገሉለት ያስቡ። ሊንዳ ኤይከን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ከ230,000 የሚበልጡ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን መዝገብ መረመረች። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ተደግሞ ተጠንቶ ያው 7 በመቶ መጣ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ፕሮግራምን እንደ አስተዳደር ወረቀት ማየት አቃተኝ። ማን ስንት ይያዝ ብለው የሚጽፉት ነገር ልክ እንደ ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ የሚያድን ወይም የሚጎዳ ነው። ሐኪሙ የሚያዘውን ፈርሞ ነው የሚያዘው፤ እርስዎ የሚመድቡትን ግን ማንም እንደ ሕክምና አይመዘግበውም።

ታላቋ፦ ልቤን የምትነኪው እዚህ ጋ ነው። ሃያ ታካሚ የያዘች ነርስ አንድ ሰው ሲሞትባት የምትጠየቀው «የ10 ሰዓቱን ቫይታል ሳይን ለምን አልወሰድሽም» ተብሎ ነው። አልወሰደችም፤ እውነት ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ አልጋ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይዛ ነበር። ይህ ግን የትም አልተጻፈም።

ታናሿ፦ አስተዳደሩ ደግሞ በአማካይ ይመልሳል። «በወር ስናየው የነርሱ ቁጥር በቂ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ይህንን ነው የመረመረው፤ በጥቅሉ በቂ ነርስ ባለው አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሆስፒታል እንኳ፣ ነርስ የጎደለባቸው ፈረቃዎች የደረሱበት ታካሚ የመሞት ዕድሉ በእያንዳንዱ እንደዚያ ባለ ፈረቃ ከፍ ይላል። ገቢና ወጪ ታካሚ በበዛበት ፈረቃም እንዲሁ። ታካሚ የሚተኛው በወሩ አማካይ ላይ አይደለም፤ በዚያች ሌሊት ነው።

ታላቋ፦ እንግዲህ ሌሊቱን እንመዝግብ ነው የምትይኝ።

ታናሿ፦ አዎ። ካሊፎርኒያ ያሉት ነርሶች ማኅበራቸው ያዘጋጀው ፎርም አላቸው። ምደባው አደገኛ ነው ብላ ያመነች ነርስ ታካሚዎቹን ጥላ አትሄድም። ትቀበላለች፤ ግን ተቃውሞዬን አስመዝግቤ ነው የተቀበልኩት ብላ ፈርማ አንዱን ቅጂ ለኃላፊዋ ትሰጣለች። ፎርሙ ሲከማች ያ ክፍል በየትኛው ሌሊት እንደሚሰበር ይታያል።

ታላቋ፦ እዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት የፈረመች ጀማሪ ነርስ ምን እንደሚደርስባት ታውቂያለሽ። «አመፅ ቀስቃሽ» ትባላለች። ከዚያ የእንቁጣጣሽ ሌሊት ይሰጣታል፤ የተነሣንበት ነገር መልሶ ይመጣል። ማኅበርም ቢኖረን የእነሱን ያህል ጉልበት የለውም።

ታናሿ፦ ስለዚህ አይጻፍ?

ታላቋ፦ እንደሱ አላልኩም። እነሱ አይፈርሙ፤ እኔ ልፈርም። ሌሊቱን የመደብኩት እኔ ነኝ፤ አደገኛ ከሆነ አደገኛ አድርጌ የመደብኩት እኔ ነኝ። ጡረታዬ ቀርቧል፣ ዕድገትም አልጠብቅም። ለሜትሮኗና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በየጠዋቱ አንድ ገጽ ብልክ «የዚህ ዋርድ ኃላፊ ሪፖርት አደረገች» ነው፤ ይህ ደግሞ ሥራዬ ነው።

ታናሿ፦ ምን ምን ይኑርበት?

ታላቋ፦ ቀኑ፣ የተኙት ታካሚዎች ብዛት፣ የገቡት ነርሶች ብዛት። ስንቱ ኦክስጅን ላይ ነው። ስንቱ አስታማሚ የለውም። በሌሊት ስንት አዲስ ገባ። ከነርሶቹ ከተመረቀ ዓመት ያልሞላው ስንት ነው፤ ሁለት ጀማሪ ብቻቸውን ያደሩበት ሌሊት እንደ ሙሉ ሁለት ነርስ መቆጠር የለበትም።

ታናሿ፦ አንድ ልጨምር፤ ያልተሠራው። የትኛው መድኃኒት ዘገየ፣ የትኛው ቁስል ሳይታሸግ አደረ፣ ማን ሳይገላበጥ ነጋ። የሰው እጥረት የሚታየው በዚህ ነው። እኛ ግን ሁላችንም የሠራነውን ብቻ እንድንጽፍ ተደርገን ነው ያደግነው።

ታላቋ፦ ያልሠራሁትን ጽፌ ይጠይቁኛል ብለው ይፈራሉ። አንዳንዷም ሳትወስድ የወሰደች አስመስላ ትሞላለች፤ በክፋት አይደለም፣ ከፍርሃት። ይህን በአንድ ወር አላጠፋውም።

ታናሿ፦ መጀመሪያ ስም ሳይጠቀስ ቢሆንስ? የአልጋ ቁጥርና ሰዓት ብቻ።

ታላቋ፦ የአልጋ ቁጥር ካለ የነርሷ ስም ያለ ያህል ነው፤ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ አለ። ብዛቱ ብቻ ይጻፍ፤ ዛሬ ሌሊት አምስት መድኃኒት ዘግይቷል፣ ሁለት ቁስል አልታሸገም። የመጀመሪያውን ወር ጠዋት በራውንድ ራሴ ከቻርቱ እያየሁ፣ ታካሚውንም አስታማሚውንም እየጠየቅሁ እሞላዋለሁ። ወሩ አልቆ ማንም እንዳልተቀጣ ሲያዩ እነሱ መሙላት ይጀምራሉ። እና ይህ የያዝኩት ፕሮግራም ሲለጠፍ ከጎኑ ያለፈው ዓመት የበዓላት ወረቀት ይለጠፋል፤ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ታናሿ፦ የእርስዎስ ስም አለበት? ሄድ ነርስ ሌሊት አይገባም ይላሉ።

ታላቋ፦ የለበትም። ቀን ቀን ሰባቱንም ቀን የምጠራ ሰው ነኝ፤ ሌሊት ልግባ ብል ጠዋት ርክክቡን ማን ይሰማል? ግን በበዓል ቀን የቀኑን ፈረቃ ልይዝ እችላለሁ። ከመስከረም አንስቶ ከሁለት በዓል አንዱን እኔ እገባለሁ። በወረቀቱም ላይ ስሜ ከሌሎቹ ጋር ይቆጠር።